«የግብጽ ልዑል» በሚባለው የሥዕል ፊልም ስለ ታየው የፈርዖን ክፋትና የሙሴ ልቅሶ

በሐይቅ እስጢፋኖስ አገር ስለ ሐይቁ አፈጣጠር ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አንድ ታሪክ አለ። አንዲት እርጉዝ ሴት በአንዲት ልዕልት እጅ ተበደለች፤ እግዚአብሔርም ስለ ተበዳይዋ ተቈጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው። ልዕልቲቱ ከወዳጆችዋና ከቤተ ሰዎችዋ ጋራ ሰጠመች፤ ተበዳይዋ የተቀመጠችበት ስፍራ ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ፤ በኋላም ገዳሙ በዚያ ላይ ተመሠረተ ይባላል። ይህን የሚሰማ ልጅ ፍርዱ የእውነት ፍርድ እንደ ሆነ ያውቃል። ስለ ልዕልቲቱ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አያዝንም፤ ፊትዋን አላሳዩትምና።

የቤተ ክርስቲያናችን ሠዓልያንም ከዚሁ ጋራ የሚስማማ ልማድ አላቸው። ቅዱሱን ሰው ሁለት ዓይኖቹ እንዲታዩ አድርገው ፊት ለፊት ይሥሉታል፤ ክፉውን ግን በጎን አዙረው አንድ ዓይኑን ብቻ ያሳያሉ። በዚህም ምክንያት ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ በዳዩን ከጻድቁ በአንድ እይታ ይለያል። እንግዲህ የፈርዖንን ሁለት ዓይኖች ገልጦ የሣለ ሥራ ቢመጣ ምን እንፈርዳለን? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

ሥራው በ1991 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቈጣጠር በ1998) ድሪምወርክስ የተባለው የአሜሪካ ማኅበር ያወጣው «የግብጽ ልዑል» የሚባለው የሥዕል ፊልም ነው። አዘጋጆቹ ብሬንዳ ቻፕማን፥ ስቲቭ ሂክነርና ሳይመን ዌልስ ናቸው። መዝሙሮቹን ስቲቨን ሽዋርትዝ ሲደርስ፥ ሙዚቃውን ሃንስ ዚመር አዘጋጅቶታል፤ ከመዝሙሮቹም አንዱ በአሜሪካ ታላቁን የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ለልጆችና ለቤተ ሰብ ተብሎ ቢሠራም፥ ሽማግሌ ቢያየው የሚያፍርበት ነገር የለውም።

ኦሪት ዘጸአት ሙሴን ከወንዝ ያወጣችው የፈርዖን ልጅ እንደ ሆነች ይናገራል። ፊልሙ ግን ያገኘችው ንግሥቲቱ ናት ብሎ፥ ሙሴንና ራምሴስን እንደ ወንድማማች በአንድ ቤት ያሳድጋቸዋል። በሠረገላ ሲሽቀዳደሙ ቤተ ጣዖቱን ያፈርሳሉ፤ አባታቸው ሴቲም አልጋ ወራሹን ራምሴስን ለይቶ ይቈጣዋል፤ ሰንሰለት በአንድ ደካማ ቀለበት እንደሚበጠስ ሁሉ፥ የነገሥታቱም ዘር በአንድ ደካማ ልጅ እንደሚጠፋ ይነግረዋል። መጽሐፍ የፈርዖን ልብ ጸና ሲል፥ ፊልሙ ያ ልብ የጸናበትን አንዱን መንገድ ያሳየናል፤ ይኸውም ከአባት የተወረሰ ፍርሃት ነው። ቃሉን ባይከተልም፥ ይህ ለውጥ ያለ ፍሬ አልቀረም።

በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራው ክፋት ግን በጩኸት የመጣው አይደለም። ሙሴ የዕብራውያን ሕፃናት ወደ ወንዝ ሲጣሉ የሚያሳየውን ሥዕል በግንብ ላይ አይቶ ሲደነግጥ፥ ሴቲ መጥቶ ያቅፈዋል፤ በለሰለሰ ድምፅም የሞቱት ባሮች ብቻ እንደ ነበሩ ይነግረዋል። አባት ልጁን በሚያጽናናበት ቃል የብዙ ሕፃናት ደም ይሸፈናል። ክፋት ሁልጊዜ ቀንድ አብቅሎ እንደማይመጣ፥ አንዳንድ ጊዜም በአባት ክንድ እንደሚያቅፍ ለልጅ ማስተማር እጅግ ከባድ ነው፤ ይህ ፊልም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አስተምሮታል።

ኋላም ጨለማው ግብጽን በሸፈነ ጊዜ ሁለቱ ወንድማማቾች የልጅነታቸውን ጨዋታ አንሥተው ለጥቂት ጊዜ ይስቃሉ። የራምሴስ ትንሽ ልጅ ፈርቶ ወደ አባቱ ሲመጣ ግን ሳቁ ይቋረጣል፤ ራምሴስም አባቱ በዕብራውያን ላይ የጀመረውን ሊፈጽም ይዝታል። ከዚያ በኋላ የበኵር ሞት ይመጣል። በዚህ ስፍራ መዝሙርም ሙዚቃም ዝም ይላል። ራምሴስ የልጁን ሬሳ ይሸፍናል፤ ሕዝቡም እንዲሄድ ይፈቅዳል። ሙሴ ሊያጽናናው እጁን ቢዘረጋ ይገፋዋል፤ ሙሴም ወጥቶ በግንብ ተደግፎ ያለቅሳል። ነጻነት በተፈቀደበት ሰዓት ነጻ አውጪው ሲያለቅስ ማየት በሌላ የልጆች ፊልም ብዙ የማይገኝ ነገር ነው።

ለፈርዖን ማልቀስ ይገባልን? የሚል ሰው ቢነሣ ጥያቄው ቀላል አይደለም። በዳዊታችን መጨረሻ ከነቢያት ጸሎት ሁሉ አስቀድሞ የሚገኘው የሙሴ መዝሙር የፈርዖንን መስጠም በደስታ የሚያመሰግን ነውና። ነገር ግን ገዳሙ በስሙ የሚጠራውን ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስን እናስብ። በሸንጎ ፊት ቆሞ የሙሴን ታሪክ ከልደቱ ጀምሮ ተረከ፤ የሰሚዎቹንም ዐመፅ ሳያለሰልስ ነቀፈ፤ በድንጋይ ሲወግሩት ግን ኃጢአታቸው እንዳይቈጠርባቸው ለመነ። እንግዲህ በደልን መንቀፍና ለበዳዩ ማዘን በአንድ አፍ ሊገኙ ይችላሉ። ፊልሙም የፈርዖንን እንባ ሲያሳይ ፍርዱን አልሻረም፤ ፍርዱ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ አሳየ እንጂ።

ፊልሙን የምንነቅፍበት ግን በሌላ ነገር ነው። ኦሪት ሙሴ ግራና ቀኝ አይቶ ግብጻዊውን እንደ ገደለው፥ በአሸዋም እንደ ሸሸገው ይናገራል፤ እስጢፋኖስም መግደሉን አልደበቀም። በፊልሙ ግን ሙሴ ሰውየውን በቍጣ ይገፋዋል፤ እርሱም ሳይታሰብ ከከፍታ ወድቆ ይሞታል። ለፈርዖን ሁለተኛውን ዓይን የሰጡ ሠዓልያን የሙሴን ጥፋት ለማየት ዐይናቸውን ጨፈኑ። አስማተኞቹን ሆቴፕንና ሁይንም መሣቂያ አደረጓቸው፤ ስለዚህ ልጁ ይስቅባቸዋል እንጂ፥ ንጉሥን የሚያታልል ሐሰት እንዴት እንደሚጐዳ አይማርም። የአሮንም ድርሻ እጅግ አንሷል።

በመጨረሻ ባሕሩ ሲከደን ራምሴስ በዓለት ላይ ብቻውን ወድቆ የወንድሙን ስም እየጠራ ይጮኻል፤ ሙሴም ከማዶ ሆኖ ይሰናበተዋል። ይህን ለልጁ የሚያሳይ አባት በዚያው ማታ የዘጸአትን ሁለተኛ ምዕራፍ ቢያነብለት፥ ፊልሙ የሸሸገውን ያገኝለታል። ከዚያም በኋላ የሐይቅን ታሪክ ደግሞ ቢነግረው፥ ልጁ ስለ ተበዳይዋ መዳን ከተደሰተ በኋላ ስለዚያች ስም የለሽ ልዕልት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ ይሆናል።