በሰም የታጠረ ወረቀት

የዚህን ሥራ ጥራት ማየት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ወረቀቱን ይገልብጠው። ፊቱ ላይ የታተመው የሰም መስመር ከጀርባውም ጥርት ብሎ ካልታየ ግድግዳው ሙሉ አይደለም፤ ፈሳሹ ሥር ለሥር ሾልኮ ያመልጣል።

ወረቀቱ ግሉኮስን በርካሽ ለመለካት የተሠራ ነው። በሃርቫርድ የጆርጅ ኋይትሳይድስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሥራ ግድግዳው የቆመው ብርሃን ሲነካው በሚጠጥር ኬሚካል ነበር። በ2009 ግን ሰም የሚያትም የቢሮ ፕሪንተር ተካው። ማጣሪያ ወረቀት ላይ አትሞ ለጥቂት ደቂቃ ማሞቅ ብቻ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ስሌቱ ግን ረቂቅ ነው። የወረቀት ክሮች የተኙት አግድም ስለሆነ የቀለጠ ሰም ወደ ታች ከመስረግ ይልቅ ወደ ጎን መንሰራፋት ይቀናዋል። 0.3 ሚሊ ሜትር ሆኖ የታተመ መስመር ሲረጋ 0.85 ገደማ ይሆናል። እናም ፈሳሹ የሚሄድበት ቦይ ሲነደፍ ሰሙ በኋላ የሚሻማው ስፋት አብሮ ይታሰባል። እጀ ብልህነት ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ፓምፕ የለውም። የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ሁሉ ወረቀቱ ራሱ ፈሳሹን ይስባል። በ2007ቱ ሥራ 5 ማይክሮሊትር ሰው ሠራሽ ሽንት በአንድ ግንድ ገብቶ ወደ ሦስት ጫፍ ይከፈላል፤ ለግሉኮስ፣ ለፕሮቲንና ለማነጻጸሪያ። በግሉኮሱ ጫፍ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም ከስኳሩ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያወጣል፤ ፐርኦክሲዴዝ ደግሞ በዚያ አዮዳይዱን ወደ አዮዲን ይለውጣል። ነጩ ወረቀት ቡናማ ይሆናል። ኢንዛይሞቹ ደርቀውም እንዳይበላሹ የሚጠብቃቸው ትሬሃሎዝ፣ እሱም ስኳር ነው! ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ግን አይነካውም። ምርጫው እንዴት ያምራል።

ደም ላይ ሲደረስ ሥራው ይከብዳል። ቀይ የደም ሴሎች ቀለሙን ስለሚሸፍኑ ፕላዝማውን ብቻ የሚያሳልፍ ስስ ማጣሪያ ከላይ ይደረባል። ቀለሙም አንዳንዴ ወደ ጠርዝ ተገፍቶ ቀለበት ይሠራል፤ መሃሉን ያየና ዳሩን ያየ ሰው አንድ ዓይነት ውጤት አያነቡም። ኢንሱሊኑን በቁጥር ለሚመጥን ሕመምተኛ ይህ በቂ ነው ብዬ አላምንም። ለዚህም ነው የ2010ሩን ሥራ የማስበልጠው፦ ያው ቡድን ወረቀቱ ላይ የካርቦን ኤሌክትሮድ አትሞ፣ ገበያ ላይ በሚሸጥ ተራ የደም ስኳር መለኪያ (ግሉኮሜትር) እንዲነበብ አደረገው። ግሉኮሜትር ቤቱ እያለ ደም የሚነካበት ስትሪፕ ያለቀበት ሰው የሚቸግረው መሣሪያው ሳይሆን ያቺ ቁራጭ ናት፤ እነሱም የደከሙት ለእሷ ነው።