ሰልፉን ከጭራው ያዙት

«ጋሼ፣ እጅዎን እንዴት አፈጠኑት?» ብላ የጠየቀችኝ የሥዕል ተማሪ ናት። በትርፍ ጊዜዋ ልደት እየዞረች የሕፃናት ፊት መቀባት ጀምራለች። የቆመው ልጅ በበዛ ቁጥር እጇ እየተንቀጠቀጠ የቢራቢሮዋ አንዱ ክንፍ ከሌላው ይበልጥባታል። ጥያቄዋ አሳቀኝ፤ እጄ ፈጣን ሆኖ አያውቅማ። ነብር ለመሥራት አራት ደቂቃ እፈልጋለሁ፤ ድሮም አራት ነበር፣ ዛሬም አራት ነው። በሁለት ደቂቃ ተኩል የሚጨርሱ ወጣቶች አሉ፤ ሥራቸውም ከእኔ አያንስም። ግን ባዛሩ ሊዘጋ ሲል እነሱ ዘንድ ልጅ ያለቅሳል፣ እናት ትቆጣለች፣ አዘጋጁ ይጠራል። እኔ በሰዓቴ ብሩሼን አጥባለሁ።

ጊዜው የት እንደሚሄድ ማወቅ የፈለገ ሰው አጠገቡ ሰዓት የሚይዝ ያስቀምጥ። ልጁ ወንበሩ ላይ ይወጣል። «ምን ልሥራልህ?» ዝም። እናቱን ያያል። እናቱ «ቢራቢሮ» ትላለች፣ እሱ «ስፓይደርማን» ይላል። «ቅድም ነብር አላልከኝም እንዴ?» አያት አብረው ከመጡ ደግሞ ሦስተኛ ሐሳብ አለ። ስፖንጁ እጄ ላይ ይደርቃል፣ ሁለት ደቂቃ ያልፋል፣ የልጁ ፊት ግን እንደመጣ ነው። ስለዚህ የሥዕል ሰሌዳዬን ከወንበሩ አጠገብ አልሰቅልም። አራተኛው ልጅ የሚቆምበት ቦታ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ የሚጨቃጨቁ እዚያ ይጨቃጨቁ። ሰሌዳው ላይ ያለው ስድስት ሥዕል ነው። ወፍራም አልበም ዘርግተው «የፈለግከውን ምረጥ» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ ልጅ ከመቶ ሥዕል እንዲመርጥ ማድረግ ቸርነት የሚመስላቸው ናቸው። ልጁን ግን ያስጨንቁታል።

ስፓይደርማን ከስድስቱ አንዱ የሆነው ወድጄ አይደለም። መረቡ ጊዜ ይበላል፤ ባልሰቅለው ደግሞ ወንዶቹ አይለቁኝም። ስለዚህ ግማሽ ፊት ብቻ እሠራለሁ፤ አንደኛው ዓይን ዙሪያ ቀይ፣ ጥቂት ጥቁር መስመር፣ አለቀ። የካርቱኗን ኤልሳ የምትፈልግ ልጅም ግንባሯ ላይ አክሊልና ሁለት የበረዶ ቅንጣት ይዛ ደስ ብሏት ትሄዳለች።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልበልና ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከውጭ የሚመጡት የማስተማሪያ ሥዕሎች አብዛኞቹ በነጣ ቆዳ ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ነብር ለመሥራት መጀመሪያ ፊቱን በሙሉ ብርቱካንማ ያለብሱታል። የእኛ ልጅ ጠይም ፊት ለነብርም ለአንበሳም የተዘጋጀ መደብ ነው። አፍንጫው ላይ ትንሽ ቢጫ፣ ከቅንድቡ በላይና አፉ ዙሪያ ነጭ፣ ከዚያ ወደ ጥቁሩ መስመር። አንድ ደቂቃ ይተርፋል፣ ነብሩም ከራሱ ከልጁ ቆዳ የወጣ ይመስላል። ፈዛዛ ሮዝና ፈዛዛ ሐምራዊ ከሳጥኔ ወጥተዋል። ከሥራቸው ነጭ ካልተነጠፈ ጠይም ጉንጭ ላይ አይታዩም፤ ነጭ ማንጠፍ ደግሞ አንዱን ሥዕል ሁለቴ መሥራት ነው።

እስከዚህ ያልኩት ሁሉ የሰልፉ ራስ ላይ ነው፤ ሠዓሊው፣ እናቱ፣ አዘጋጁም የሚያዩት እሱን ነው። እኔ ዕድሜዬን የተከራከርኩት ስለ ጭራው ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ፕሮግራሙ 12 ሰዓት ላይ ያልቃል እንበል። አንድ ልጅ ከወንበር እስከ መስታወት፣ የስፖንጅ ቅያሬውን ጨምሮ፣ አምስት ደቂቃ ከወሰደ በሰዓት 12 ልጅ ነው። ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ 12 ልጅ ከቆመ ሰልፉ በዚያች ደቂቃ ተዘግቷል። አሥራ ሦስተኛው ሆኖ የሚመጣው ልጅ ይህን መስማት ያለበት ሲመጣ ነው። ብዙዎቹ ባልደረቦቼ ግን ዝም ብለው ያስቆሙታል፤ ምናልባት እንፈጥን ይሆናል፣ ምናልባት አንዱ ይወጣ ይሆናል እያሉ። ልጁ ሃምሳ ደቂቃ ቆሞ፣ ሰሌዳው ዘንድ ደርሶ፣ ነብር መርጦ፣ ያኔ «ይቅርታ ማሙሽ፣ አልቋል» ይባላል። ሲመጣ ቢነገረው ለአፍታ አኩርፎ ወደ ዥዋዥዌው ይሮጥ ነበር። ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ያለውን ለቅሶ ያየ ሰው እኔን ግትር አይለኝም።

ይህን አንድ ጊዜ እየቀባሁ ሳወራ ልጁን አቅፎ የተቀመጠ የስልክ መሐንዲስ ሰማኝና ሳይንስ አለው አለኝ። ኤርላንግ የሚባል የዴንማርክ የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1909 የኮፐንሃገንን የስልክ ጥሪዎች ይዞ ስለ ሰልፍ ጽፏል። ከመሐንዲሱ የያዝኩት ይህን ነው፦ በሰዓት 12 መቀባት ብትችልና 11 ብቻ ቢመጡም ሰልፉ ይረዝማል። ሰው እኩል ተራርቆ አይመጣማ። ሩብ ሰዓት ባዶ ትቀመጣለህ፣ ከዚያ ሰባቱ አንድ ላይ ይደርሳሉ፤ ባዶ የተቀመጥክበት ሩብ ሰዓት ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ከዚያ ወዲህ አዘጋጅ «በሰዓት ስንት ትችላለህ?» ሲለኝ ስምንት እላለሁ። ሰነፍ ነው የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ።

ሰልፉ ሲረዝምስ? ሰሌዳውን እገለብጠዋለሁ። በጀርባው የጉንጭ ሥዕል ብቻ ነው ያለው፤ አደይ አበባ፣ ኮከብ፣ ባንዲራ፣ እያንዳንዱ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ግን የተገለበጠው ሰሌዳ የሚሠራው ከጭራው ለሚመጣ ነው። ሙሉ ፊት ይሠራልሃል ተብሎ የቆመ ልጅ ሙሉ ፊቱን ያገኛል፤ አምስት ደቂቃም ቢሆን፣ ጀርባዬም ቢያመኝ። ሰልፉ መካከል ላይ ደንብ የሚቀይር ሠዓሊ የልጆቹን እምነት ያጣል፤ ልጅ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር አይረሳም።

እንግዲህ ጭራው ላይ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ያገኘሁት ከታክሲ ሰልፍ ነው። የሰፈሬ ልጅ ነው፣ ተራ አስከባሪ ነበር። ብዙ ሰው ተራ አስከባሪ ሲባል መጮህና መገፋፋት ነው የሚታየው። እኔ ግን እሱን ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳየው ቆይቻለሁ፤ ታክሲው መጥቶ ሰው ሲሳፈር እንኳ ዓይኑ ከኋላ ነው። ስንት ሰው እንደሚጭን ያውቃል፣ ቆጥሮ ይመጣና አንዱን ሰውዬ ትከሻውን ነካ አድርጎ «እስከ እርስዎ ነው» ይላል። ከሰውዬው በኋላ ያለው ቁርጡን ያውቃል፤ ይቆያል ወይ በእግሩ ይሄዳል። ያቺን «እስከ እርስዎ ነው» የምትለውን ነገር ፈልጌ ነው ሥራ የሰጠሁት። ቀለም መያዝ አያውቅም፣ ብሩሽም አያጥብልኝም። ጭራው ላይ ይቆማል፣ በቃ።

ያላሰብኩትንም ሠራልኝ። ፊቱ ላይ ጭርት ያለበት ወይም ዓይኑ የቀላ ልጅ ሲመጣ፣ ወንበሬ ድረስ ደርሶ በሰው ሁሉ ፊት ከሚመለስ፣ እሱ ጭራው ላይ ጎንበስ ብሎ ለእናቲቱ ብቻ ይነግራታል፤ ለልጁ ፊኛ ይሰጠዋል። ተራ የሚያልፉትንም እሱ ይዟቸዋል። ልደቱ የሆነው ልጅ መጀመሪያ ይቀባል፤ ከእሱ በቀር የሚቀድም የለም። «አባቱ መኪና ውስጥ እየጠበቀን ነው» አይሠራም፤ የሁሉም አባት መኪና ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ የአንድ ባዛር አዘጋጅ የእህቱን ሦስት ልጆች እጃቸውን ይዞ ከፊት ሊያስገባ መጣ። ጭራ ጠባቂዬ ፈገግ ብሎ «ከዚህ ጀምሩ ጋሼ» አለና ኋላ ወሰዳቸው። ለሚቀጥለው ባዛር አልተጠራንም።

አንድ የሙያ ወዳጄ ግን ልጅ ተሰልፎ ይቁም በሚለው አይስማማም። እሱ ከእኔ የተሻለ ሠዓሊ ነው፤ ዘንዶው ጉንጭ ላይ ይተነፍሳል። በቁጥር ነው የሚሠራው፦ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ያድላል፣ እናት ካርዷን ይዛ ዕቃዋን ትሸምታለች፣ ተራዋ ሲደርስ ትመጣለች። ባዛር አዘጋጆች ይወዱታል፤ ሰልፍ የቆመ ሰው አይሸምትማ። ክርክሩ ባዶ አይደለም፣ የአንድ ዓመት ሕፃን አዝላ ለምትቆም እናት ቁጥር ምሕረት ነው። ግን 11 ሰዓት ላይ ወዳጄ እጅ ላይ ያለውን ተመልከቱ። ሠላሳ ካርድ ወጥቷል፤ ስንቱ ይመጣል? አንዷ ሦስት ካርድ ወስዳለች፣ አንዱ ከልጁ ጋር ቤቱ ገብቷል፣ አንዷ ቁጥሯ ካለፈ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጥታ «እኔ እኮ ቀድሜ ነው የወሰድኩት!» ትላለች፤ እውነቷንም ነው። ወዳጄ የሚያስተዳድረው የማያየውን ሰልፍ ነው። የእኔን ልጆች ዞር ብዬ አያቸዋለሁ።

ደግሞም ሰልፍ ላይ የቆመ ልጅ ሥራ አለው። ብሩሽ የሚፈራው ትንሹ ከፊቱ ያለችው እህቱ ስትስቅ ያያል። ወንበሩ ዘንድ ሲደርስ ፍርሃቱ ግማሹ ሄዷል። በቁጥር ተጠርቶ የሚመጣ ልጅ ግን ከነአይስክሬሙ ይመጣና ብሩሹን ሲያይ ያለቅሳል፤ እሱን ማባበል አሥር ደቂቃ ነው።

መቆም ግድ ነው የምል ከመሰላችሁ ግን አይደለም። ካየኋቸው ሁሉ የሚበልጠው ሰልፍ አንድ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የነበረው ነው። ልጆቹ ቦኖ ላይ ጀሪካን ሲሰለፍ አይተው ያደጉ ናቸው መሰለኝ፤ እያንዳንዳቸው አንድ እግር ሸበጣቸውን በተራ አስቀምጠው፣ በአንድ እግር ሸበጥ ኳስ ሊጫወቱ ሄዱ። አንድ ልጅ ተቀብቶ ሲነሳ ከኋላ ያለ ማንም ልጅ እየሮጠ መጥቶ ሸበጦቹን ወደፊት ይገፋል። ማንም የማንንም ጫማ አላለፈም። ለወዳጄ ይህን ስነግረው «ያው ቁጥር ነው እኮ!» አለኝ። አይደለም። ሸበጡ ይታያል፤ የመጨረሻዋ ሸበጥ የትኛዋ እንደሆነች ከወንበሬ ሆኜ አያለሁ፣ ሸበጥ ያኖረ ልጅም ከግቢው አይወጣም።

ራሱን የሚዘጋ ሰልፍም አለ። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በ10,000 ሯጮች ሲጀመር እኔ ገና ይህን ሥራ አላሰብኩትም። አሁን በሩጫው እሑድ ጠዋት መስቀል አደባባይ አካባቢ የሚቆመው ሰልፍ መነሻው ሲታወጅ በአንድ ጊዜ ብን ይላል። እዚያ ጭራ ጠባቂ አያስፈልግም። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጎን ለጎን የተሞሉበት አንድ የቀለም ክብ፣ ጠፍጣፋ ብሩሽ፣ አንድ ሸርተት፤ የሰው ጉንጭ ሃያ ሰከንድ አይፈጅም። ሥዕል ነው ለማለት ያሳፍራል፣ ግን ደስ ይላል።

ወደዚህ ሥራ የገባሁትም በባንዲራ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍን ዕለት፣ ከጨዋታው በፊት አዲስ አበባ ስታዲየም በር ላይ ነበርኩ። አንድ ዘመዴ ከዱባይ ያመጣልኝ የፊት ቀለም ሦስት ክብ ነበረኝ። ከዚያ በፊት ታፔላ ጸሐፊ ነበርኩ። ፀጉር ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ «የጫማ እድሳት»፣ ፊደል በብሩሽ። ባነር ማተሚያው መጣና ደንበኞቼ አንድ በአንድ ቀሩ። አልፈርድባቸውም፣ ርካሽ ነው፣ በሰዓታት ይደርሳል። ታፔላ ግን መሰላል ላይ ብቻህን የምትሠራው ሥራ ነበር። ባለ ሱቁ ሊያይ የሚወጣው ሲያልቅ ነው፣ እሱም ዋጋ ለመከራከር። ስታዲየሙ በር ላይ ሰው እጄን ቆሞ ሲጠብቅ ያየሁት የመጀመሪያ ቀን ነው። ጎልማሳ ሰዎች፣ ሽማግሌዎችም፣ ተራቸው ሲደርስ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን አቀረቡልኝ።

ከዚያ በፊት የቆምኩት ራሴ ነበርኩ። ልጅ ሳለሁ ለእንቁጣጣሽ መልአክና አበባ ወረቀት ላይ ሥዬ ለጎረቤት አዞር ነበር፤ ያንኑ መልአክ ደጋግሞ መሥራት ያኔ ነው የተማርኩት። በር አንኳኩቼ እጠብቃለሁ። አንዳንዱ ቤት ወዲያው ይከፍታል፣ ሥዕሉን አይቶ ይመርቀኛል፣ ሳንቲም ይሰጠኛል። አንዳንዱ ግን ከውስጥ «ቆይ» ብሎ ይረሳኛል፤ እንዳልሄድ «ቆይ» ተብያለሁ፣ እንዳልቆይ ድምፅ የለም። «የለም፣ ሂድ» ያሉኝን ቤቶች አላስታውስም። «ቆይ» ያሉኝን ግን ዛሬም በሩን ከነቀለሙ አውቀዋለሁ።

ተማሪዋን ለገና ባዛር አብራኝ እንድትሠራ ጠራኋት። ብሩሽ ሳይሆን ጭራውን ሰጠኋት፤ ከጭራ ጠባቂዬ ጋር ትቁም ብዬ። ቅር አላት፤ «ሥዕል ልማር ነው የመጣሁት» አለችኝ። ተማሪ ናትና ልክ ናት፣ ግን አልቀየርኩላትም። ወዳጄም በዚያው ባዛር ከማዶ ካርዱን ይዞ ይቀመጣል። ባለፈው ሰሞን ደውሎ ጭራ ጠባቂዬን ለአንድ ቀን እንዳውሰው ጠየቀኝ፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ካርዶቹን የሚሰበስብለት ሰው ቸግሮታል። አላዋስኩትም።