ስለ ክሩ ጨዋታ፤ በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ምኅዳርን በተግባር ስለ ማስተማር የቀረበ ትችት

ስለ ማስተማር ዘዴ በሚጻፉ መምሪያዎች ሁሉ ውስጥ «በተግባር» የሚለው ቃል እየተደጋገመ ይገኛል። በተለይም የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ሥነ ሕይወትን፣ ኬሚስትሪንና ፊዚክስን ጠቅላላ ሳይንስ በሚል ስም ባንድነት መማር ከጀመሩ ወዲህ፣ መምህሩ ከጥቁር ሰሌዳው ራቅ ብሎ ተማሪው በገዛ እጁ እንዲሠራ ማድረግ ይገባዋል እየተባለ ይመከራል። ምክሩ መልካም ነው፤ እኛም ከምክሩ ጋር ክርክር የለንም። ክርክራችን በምክሩ ስም ወደ ክፍል ከገቡት ሥራዎች ከአንዳንዶቹ ጋር ነው። ሥነ ምኅዳር፣ ማለት ሕይወት ያላቸው ነገሮች እርስ በርሳቸውና ከሚኖሩበት ስፍራ ጋር ስላላቸው ግንኙነት የሚመረምረው ትምህርት፣ ሲሰጥ እጅን እያሠሩ አእምሮን የሚያስተኙ ሥራዎች እንዳሉ በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን።

ከነዚህ ሥራዎች በጣም የታወቀው የክር ጨዋታ ነው። ላላየው አንባቢ ባጭሩ እንግለጠው። ተማሪዎች ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ በየደረታቸውም ስም የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፍላቸዋል። አንዱ ፀሐይ፣ አንዱ ሣር፣ አንዱ አንበጣ፣ አንዱ እንቁራሪት፣ አንዱ እባብ፣ አንዱም ጭልፊት ይሆናል። መምህሩ የክር ጥቅል ለፀሐይ ይሰጣል፤ ፀሐይም ጫፉን ይዞ ጥቅሉን ለሣር ይወረውራል፤ ሣር ለአንበጣ፣ አንበጣ ለእንቁራሪት፤ እንዲህ እያለ ክሩ ከወዲያ ወዲህ ሲወራወር በመካከላቸው የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ይዘረጋል። በመጨረሻ መምህሩ «እንቁራሪቱ ሞተ» ይልና እንቁራሪት የተባለውን ልጅ ክሩን እንዲጎትት ያዘዋል። ክሩ ሲሳብ የተሰማው ሁሉ እጁን እንዲያነሣ ይነገራል። ጥቂት ሳይቈይ የሁሉም እጅ ይነሣል፤ መምህሩም «አያችሁ፤ አንዱ ሲጠፋ ሁሉም ይጎዳል» ብሎ ትምህርቱን ይዘጋል።

ለማስተማር ልምምድ በሄድንባቸው ትምህርት ቤቶች ይህን ጨዋታ ከአንድ ጊዜ በላይ ተመልክተነዋል። ተማሪው ይስቃል፤ ከመቀመጫው ስለ ተነሣ ደስ ይለዋል፤ «የምግብ ድር» የሚለውም ሐረግ በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ የሞተ ቃል ሆኖ አይቀርበትም። ስለዚህ ጨዋታው ከንቱ ነው አንልም። ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ የያዘውን ክፍል የሚያነቃ ሌላ ዘዴ የሌለው መምህር ቢጠቀምበት አንፈርድበትም።

ነገር ግን ጨዋታው ተማሪውን መርምሮ አንድ ነገር ያገኘ ያስመስለዋል። በእውነት ሲታይ ግን የተመረመረ ነገር የለም። የሁሉም እጅ የተነሣው ክሩ የተያያዘ ስለ ሆነ ነው፤ ክሩ እንዲያያዝ ያዘዘው ደግሞ መምህሩ ራሱ ነው። በወረቀቶቹ ላይ የእንስሳት ስም በመጻፍ ፈንታ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ስም ቢጻፍባቸው፣ ፒያሳም ሲጎትት መርካቶና ጉለሌ እጃቸውን ባነሡ ነበር። ክር ሲጎትቱት ይሳባልና። ከክሩ የምንማረው የክርን ጠባይ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ቀላል ነበር። ከዚህ የሚብሰው ጨዋታው የሚያስተምረው ነገር ትክክል አለመሆኑ ነው። ሮበርት ፔይን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በዋሽንግተን ግዛት በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ባለ ዓለታማ ስፍራ፣ በአንዲት አነስተኛ ቦታ ላይ የሚገኘውን አንድ ዓይነት ኮከብ ዓሣ እየለቀመ አስወገደ፤ በአጠገቡ ያለውንም ቦታ ሳይነካ ለማመሳከሪያ ተወው። እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ገለጠው ኮከብ ዓሣው በተለቀመበት ቦታ ይኖሩ የነበሩት 15 ዓይነት ሕያዋን ወደ 8 ወረዱ። ምክንያቱም ኮከብ ዓሣው ይበላው የነበረው በዓለት ላይ ተጣብቆ የሚኖር ባለ ዛጎል እንስሳ ከልካይ በማጣቱ በዝቶ ዓለቱን ስለ ያዘ ሌሎቹ መቆሚያ አጡ። ፔይን እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን የመሰለውን እንስሳ በሕንፃ ቅስት አናት ላይ ገብቶ ቅስቱን በሚይዘው ድንጋይ መስሎ ሰየመው። አሁን ይህን ነገር ወደ ክሩ ጨዋታ እንመልሰው። ኮከብ ዓሣ የተባለው ልጅ ክሩን ሲጎትት ባለ ዛጎሉም እንደ ሌሎቹ እጁን አንሥቶ «ተጎዳሁ» ባለ ነበር። በዓለቱ ላይ ግን የነገሠው እርሱ ነው! አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይጎዳል፣ ሌላው ይጠቀማል፣ ሌላው ደግሞ ምንም አይሰማውም። ማን ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ለማወቅ አስቸጋሪ መሆኑ ነው ሥነ ምኅዳርን ሊጠና የሚገባው ትምህርት ያደረገው። ክሩ ግን ይህን ሁሉ ልዩነት ደምስሶ ሁሉንም እኩል ያስነሣል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በአንድ ክፍል ውስጥ ጅብ የሚል ወረቀት የደረሰው ልጅ ምግቡ ከየት እንደሚመጣ ሲጠየቅ «ከሥጋ ቤት» ብሎ መለሰ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ መምህሩም በወረቀት ከተጻፉት አንዱን እንዲመርጥ አሳስቦት ልጁ ክሩን ከሚዳቋ ተቀበለ። ነገር ግን የልጁ መልስ ከሚዳቋው ይልቅ ለእውነት የቀረበ ነበር። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በመቀሌ አካባቢ የሚገኙ ጅቦችን ኩስ እየሰበሰቡ በውስጡ የሚገኘውን ጠጉር መርምረው እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ጥናት አሳትመዋል። ጥናቱ የተደረገው ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ወራትና ከፋሲካ በኋላ ነው። የአህያ ጠጉር የተገኘበት ድርሻ ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ የነበረው በጾሙ ወቅት ወደ 33.1 በመቶ ከፍ አለ፤ ከጾሙ በኋላ ደግሞ ወደ 22.2 በመቶ ዝቅ አለ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ምእመናን ሥጋ መብላት ሲያቆሙ ከብት አይታረድም፤ ከብት ካልታረደ ለጅቡ የሚጣልለት ትርፍራፊ ይጠፋል፤ እርሱም ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል። አንባቢ ሆይ፣ ለኢትዮጵያ ተማሪ ከዚህ የበለጠ የምግብ ድር ምሳሌ ከወዴት ይገኛል? በዚህ ድር ውስጥ ሰው አለ፣ የሰው ሃይማኖት አለ፣ የዘመን አቆጣጠርም አለ። የሰባ ዓመት ባልቴት በጾም ወራት አህያዋን ማልዳ ወደ ቤት የምታስገባበትን ምክንያት ተማሪው ከቤቱ ይዞት መጥቶ ነበር፤ በክፍል ውስጥ ግን ተሳቀበትና አፈረ። ለከብት ጠባቂ ልጅ በወረቀት የተለጠፈ ሚዳቋ ሰጥቶ ያየውን ጅብ መንጠቅ ማስተማር አይደለም።

ከክሩ ጨዋታ ጋር የሚዛመድ ሌላም ሥራ አለ፤ በእርሱ ላይ ብዙ አንቈይም። አንድ ጣሳ ውኃ ከተማሪ ወደ ተማሪ ይገለበጣል፤ በየደረጃው ከአሥር እጅ አንዱ ብቻ እየተላለፈ የቀረው መሬት ላይ ይፈስሳል። ይህም ከምግብ ጋር የሚተላለፈው ኀይል በየደረጃው ወደ አሥረኛው እጅ እንደሚቀንስ ለማሳየት ነው። ይህን ዓይነት ስሌት በሐይቅ ላይ የጀመረው ሬይመንድ ሊንደማን እ.ኤ.አ. በ1942 በታተመው ጽሑፉ፣ በሚኒሶታ በሚገኘው በሲዳር ቦግ ሐይቅ ለዕፅ በሎቹ 13.3 በመቶ፣ ለእነርሱ በሎች ደግሞ 22.3 በመቶ አግኝቶ ነበር። (ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት በ26 ዓመቱ ዐረፈ።) አሥር በመቶ የሚባለው እንግዲህ ለግምት የተያዘ ቍጥር እንጂ ሕግ አይደለም። ደግሞም መሬት ላይ የፈሰሰውን ውኃ ያየ ተማሪ ኀይሉ በቸልታ የባከነ ይመስለዋል እንጂ እንስሳው ሲተነፍስና ሲንቀሳቀስ በሙቀት መልክ እንደ ወጣ አይገባውም። ውኃ በጀሪካን በሚቀዳበት ትምህርት ቤት ይህን ጨዋታ መጫወት ነውርም ይመስለናል።

ጆን ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1938 ስለ ትምህርትና ስለ ልምድ በጻፈው መጽሐፍ ልምድ ሁሉ እኩል አስተማሪ እንዳልሆነ አስጠንቅቆ ነበር። በእጅ መሠራቱ ብቻ ሥራውን ትምህርት አያደርገውም። እኛ መለያ አድርገን የምናቀርበው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሥራው መምህሩ ካሰበው የተለየ ውጤት ሊያመጣ ይችላልን? የሚል ነው። የክሩ ጨዋታ አይችልም። ቈጠራ ግን ይችላል።

ሮስኮ ፓውንድና ፍሬደሪክ ክሌመንትስ የተባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1898 በኔብራስካ ሜዳዎች ላይ የትኛው ተክል እንደሚበዛ በዓይን መገመት እንደሚያሳስት አይተው፣ በመጠን የተወሰነ ካሬ ቦታ እየለዩ አንድ በአንድ መቍጠር ጀመሩ። ይህ ዘዴ ከገመድና ከአራት ችካል በቀር ምንም አይጠይቅም። ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረም ወር ግቢው ውስጥ አደይ አበባ ያለበት ትምህርት ቤት ሁሉ ሊሠራበት ይችላል። ተማሪው በመጀመሪያ በዓይኑ ይገምት፤ ቢጫ ቀለም ዓይንን ስለሚስብ አብዝቶ መገመቱ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ስድሳ ተማሪዎች ስድስት ስድስት ሆነው በአሥር ካሬ ሜትር ላይ ይቍጠሩ። በአሥሩ ካሬዎች 40 ተክል ቢገኝ አማካዩ 4 ነው፤ ሜዳውም 800 ካሬ ሜትር ቢሆን 3,200 ተክል ይኖራል ተብሎ ይሰላል። ከዚህ ላይ ክርክር ይነሣል፤ በአንዱ ካሬ ምንም ሳይገኝ በሌላው 15 የተገኘው ስለ ምንድር ነው? ካሬውን የጣለው ልጅ አበባው ወዳለበት መርጦ ጥሎት ይሆን? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ተማሪው ራሱ ሲያነሣው መምህሩ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

ሁለተኛው ሥራ ከወደቀ ቅጠል ጋር የተያያዘ ነው። ጣሊያናዊው አንቶኒዮ በርሌሴ እ.ኤ.አ. በ1905 ያሳወቀውን፣ ስዊድናዊው አልበርት ቱልግሬን በ1918 በመብራት ሙቀት ያሻሻለውን መሣሪያ በሃይላንድ ጠርሙስ መሥራት ይቻላል። የጠርሙሱ አናት ተቈርጦ ክዳኑ ከወለቀ በኋላ ተገልብጦ በቀረው ክፍል ላይ ይቀመጣል፤ በአንገቱ ላይ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ወንፊት ተደርጎ ከዛፍ ሥር የተዛቀ ቅጠልና አፈር ይሞላበታል፤ ከታች እርጥብ ወረቀት ይነጠፋል። ከላይ አምፖል ወይም ፀሐይ ሲያሞቀው በቅጠሉ ውስጥ የተደበቁት ተሕዋስያን ከድርቀቱ እየሸሹ ወደ ታች ይወርዳሉ። ከሰሊጥ ፍሬ የሚያንሱ፣ በጭራቸው እየተፈናጠሩ የሚዘሉ፣ የመዥገር ዘመድ የሆኑ፣ ብዙ እግር ያላቸውም ይገኙባቸዋል። እንግዲህ አንዱን ጠርሙስ ከባሕር ዛፍ ሥር፣ ሌላውን ከወይራ ወይም ከዋንዛ ሥር በተዛቀ ቅጠል መሙላት ነው። (ከቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚወሰድ ከሆነ የደብሩን አስተዳዳሪ ማስፈቀድ ይገባል።) በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ስለ ገባው ስለ ባሕር ዛፍ ያልሰማ ተማሪ የለም፤ መሬት ያደርቃል የሚል አለ፤ ማገዶና ማገር የሰጠን እርሱ ነው የሚልም አለ። ስለዚህ ከጠርሙሱ የሚወጣውን ሁሉም በጕጕት ይጠብቃል። ውጤቱ እንደ ቅጠሉ ውፍረት፣ እንደ እርጥበቱና እንደ ወሩ ሊለያይ ስለሚችል መምህሩ ራሱ አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም።

በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያ ሲቀርብ ሰምተናል። አንደኛው መምህሩ የተሕዋስያኑን ስም አያውቅም የሚል ነው። ለ7ኛ ክፍል ስም አያስፈልግም፤ እግር የለሽ፣ ባለ ስድስት፣ ባለ ስምንትና ባለ ብዙ እግር ብሎ መለየት ይበቃል። ሁለተኛው ከበድ ይላል፤ የክሩ ጨዋታ በአርባ ደቂቃ ሲያልቅ ጠርሙሱ ግን ከዓርብ እስከ ሰኞ ይቈያል፤ መርሐ ግብሩም ይህን አይፈቅድም ይላሉ። እውነት ነው፤ አንዱን ምዕራፍ ማሳጠር ግድ ይሆናል። እኛ ብንጠየቅ የሚያጥረው የምግብ ሰንሰለትን ሥዕል ከሰሌዳ ወደ ደብተር በመገልበጥ የሚያልፈው ክፍለ ጊዜ እንዲሆን እንመርጣለን።

የሚቀረው የማርክ ነገር ነው። ተማሪው ደብተሩን በሁለት ዓምድ ከፍሎ በግራ ከቈጠራው በፊት የገመተውን፣ በቀኝ የቈጠረውን ይጻፍ። መምህሩም ማርክ የሚሰጠው ለቀኙ ዓምድና ሁለቱ ስለ ምን እንደ ተለያዩ ተማሪው ከሥር ለጻፈው ሁለት መስመር ይሁን፤ ለግራው ዓምድ ምንም ማርክ አይሰጥ፤ ግምቱ ስላልሠመረለትም አይቀነስበት። አለዚያ ተማሪው ቍጥሩን ከግምቱ ጋር ለማስማማት ሲል ይፍቀዋል፤ ይህን ሲያደርጉም አይተናል።