ረግረጉ ለነገ ይቆይ

አንድ ወጣት ከባቡር ይወርዳል። ሻንጣውን ተሸክሞ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ድንኳን ይተክላል፣ እራቱን አብስሎ ይተኛል። በማግስቱ ፌንጣ ለቅሞ ዓሣ ያጠምዳል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። የኧርነስት ሄሚንግዌይን «ቢግ ቱ-ሃርትድ ሪቨር» ለጓደኛችሁ ብትተርኩለት «እና ምን ሆነ?» ማለቱ አይቀርም። እውነቱን ነው፤ ምንም አልሆነም። ችግሩም ውበቱም እዚያው ላይ ነው።

ታሪኩ የታተመው በ1925 እ.ኤ.አ. ነው። ቦታው የሚሺጋን ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሴኒ የምትባል የእንጨት ቆራጮች ከተማ አካባቢ ነው። ሄሚንግዌይ በ1918 ጣሊያን ውስጥ ጦርነት ላይ ቆስሎ ነበር፤ በ1919 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሴኒ አጠገብ ባለው ፎክስ ወንዝ ዓሣ አጠመደ። ወደ ታሪኩ ሲመጣ ግን ጓደኞቹን አስወጣቸው። ኒክ አዳምስ ብቻውን ነው። የወንዙንም ስም ቀይሮ፣ የዚያው አካባቢ ሌላ ወንዝ የሆነውን የባለ ሁለት ልቡን ስም ሰጠው።

ሄሚንግዌይ በኋላ እንደጻፈው ታሪኩ ከጦርነት ስለመመለስ ነው፤ ጦርነት የሚል ቃል ግን የለበትም። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ኬኔት ሊን በ1987 ይህን ተቃወመ፤ ጦርነቱን ታሪኩ ውስጥ የከተቱት ሐያሲያን ናቸው አለ። እንግዲህ ማንን እንመን?

እኔ ሁለቱንም ትቼ የኒክን እጆች እመለከታለሁ። ዓሣ ወደ ውሃው ከመመለሱ በፊት እጁን ያረጥባል። በደረቅ እጅ የተነካ ትራውት ቆዳውን የሸፈነው ስስ ልባስ ይላጥና ሻጋታ ይይዘዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ እንዲህ የሚጠነቀቅ ግን፣ የሆነ ነገር በእጁ ውስጥ እንዳይሰበር የሚፈራ ሰው ነው። ትልቁ ዓሣ ክሩን በጥሶ ሲያመልጥ ኒክ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ቁጭ ይላል። ዓሣ ስላመለጠው ብቻ? ሰውየው ምን እንደደረሰበት አናውቅም። አንድ ነገር እንደደረሰበት ግን ማንም ሳይነግረን እናውቃለን።

ይህን ታሪክ «ተፈጥሮ ይፈውሳል» ብለው የሚያሞግሱ አሉ። እንዴ! ኒክ የወረደባት ከተማ እኮ ተቃጥላለች። 13ቱ መጠጥ ቤቶች ደብዛቸው የለም። በተቃጠለው መሬት የሚኖሩት ፌንጣዎች ሳይቀሩ ጠቁረዋል፤ ኒክም እስከ መቼ ጥቁር ሆነው እንደሚቆዩ ያስባል። ኒክን ቀጥ አድርጎ የያዘው ጫካው አይደለም፣ የሥራው ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ችካሉ፣ ከዚያ ድንኳኑ፣ ከዚያ እራቱ፣ ከዚያ ቡናው። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር የሆኑትም ለዚህ ይመስለኛል። ረጅም ዓረፍተ ነገር ሐሳብን ይጎትታል፤ ኒክ ደግሞ የሚሸሸው ሐሳብን ነው።

ከዚያ ረግረጉ አለ። ወንዙ ጨለማ ረግረግ ውስጥ ይገባል፣ ትልልቅ ዓሦች እዚያ አሉ፣ ኒክ ግን አይገባም። ሌላ ቀን ይደረሳል ብሎ ይመለሳል። ታሪኩ እዚህ ያልቃል፤ አንዳንዱ አንባቢም ተታለልኩ ይላል። እኔ ግን ከዚህ የበለጠ ደግነት ያለበት መጨረሻ ብዙ አላየሁም። እኛ ከጦር ሜዳ ለተመለሰ ወንድም ሻይ እንኳ ሳንቀዳለት «እስቲ ንገረን፣ እንዴት ነበር?» እንላለን። ዝም ሲል እንቀየማለን። ሄሚንግዌይ ለኒክ የሰጠው ዝም የማለት መብት ነው፣ ያውም ቀጠሮ ሳያስይዘው።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ያ ምድር የኦጂብዌ ሕዝብ ምድር ነው። በዚያው መድበል ውስጥ ባለው «ኢንዲያን ካምፕ» የአገሩ ነባር ሰዎች አሉ፤ እዚህ ግን ማንም የለም። የኒክ ብቸኝነት እንዲያምር ምድሩ ባዶ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ታሪኩ ሁለት ዝምታዎች አሉት። አንዱ የቆሰለ ሰው ዝምታ ነው፣ እሱን አከብራለሁ። ሌላው የደራሲው ነው፤ ያኛውን መጠየቅ ግን የእኛ የአንባቢዎቹ ሥራ ነው።