ፊልሙ ያልወሰደው ንጉሥ

«ብላክ ፓንተር» የተሰኘው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ብዙዎቻችን ዋካንዳን እንደ ገዛ አገራችን ተቀበልናት። ቅኝ ያልተገዛ የአፍሪካ መንግሥት፣ ጥንታዊ ዙፋን፣ ያልተንበረከከ ሠራዊት፤ አድዋን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እዚህ ካርልተን ሊጎን ጎዳና ላይ ቡና ይዘን የተከራከርነውም «ዋካንዳ ኢትዮጵያ ናት ወይስ አይደለችም» እያልን ነበር። ክሪስቶፈር ፕሪስትን ግን ማንም አላነሳውም።

ገጸ ባሕርዩን በ1966 የፈጠሩት ስታን ሊና ጃክ ከርቢ ናቸው። ይሁን እንጂ ከ1998 እስከ 2003 ታሪኩን የጻፈው፣ ቀደም ሲል በ1980ዎቹ በማርቭል አርታኢ የነበረው ጥቁር አሜሪካዊ ፕሪስት ነው። የንጉሡ ሴት ዘቦች ዶራ ሚላጄ፣ ኦኮዬ፣ ናኪያ፣ አሜሪካዊው ኤቨረት ሮስ፣ ሁሉም ከሠዓሊዎች ጋር ሆኖ የፈጠራቸው ናቸው። እነዚህን ከፊልሙ አውጡና የሚቀረውን ተመልከቱ።

ታዲያ ሥራው ፊልም ሆነለት ማለት ነው? በበኩሌ አይመስለኝም። ፊልሙ ሰዎቹን ወሰደ፤ አተራረኩን ተወ። በፕሪስት ኮሚክ ተራኪው ሮስ ነው፤ ንጉሡን እንዲያጅብ የተመደበ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ። የመጀመሪያው እትም ሲከፈት ሮስ ሽጉጥ ይዞ፣ ያለ ሱሪ፣ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እናገኘዋለን። ታሪኩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያምታታ ለአለቃው ያስረዳል፤ ስለ ንጉሡም የሚያውቀው እጅግ ጥቂት ነው። ነጩ ሰው ይቀልዳል፣ ይፈራል፣ ይሳሳታል፤ አፍሪካዊው ንጉሥ ዝም ይላል። ሳቁ ማን ላይ እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ አይፈጅም።

ንጉሡ ቲቻላም የሆዱን በሆዱ የያዘ ሰው ነው። አቬንጀርስ የተባለውን የጀግኖች ቡድን የተቀላቀለው ሊሰልላቸው እንደነበር ፕሪስት ሲገልጥ፣ የብዙ ዓመት ወዳጅነት ሌላ ትርጉም አገኘ። ሰምና ወርቅ ላደገበት አንባቢ እንዲህ ያለው ንጉሥ ባዕድ አይደለም። የራያን ኩግለር ቲቻላ ግን ቅን ወጣት ነው፤ ይጠራጠራል፣ ያዝናል፣ በመጨረሻም ምስጢሩን ለዓለም ይገልጣል። ያማረ ነው፤ አያስፈራም ግን።

በአንድ ነገር ፊልሙ ይበልጣል። በኮሚኩ ዶራ ሚላጄ ለንጉሡ ሚስትነት የታጩ ልጃገረዶች ሲሆኑ፣ ከእርሱ በቀር ማንንም አያነጋግሩም፤ ናኪያም በፍቅር ተቃጥላ ጠላት ትሆናለች። ኩግለር ለእነዚህ ሴቶች አንደበትና የራሳቸው ውሳኔ ሰጣቸው። ተገቢ እርማት ነው።

ፊልሙ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። መሐንዲስ ነኝና ቀጣሪዬ የከፈለበት ንድፍ የቀጣሪዬ ንብረት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የማርቭል ገጸ ባሕርያትም የኩባንያው ናቸው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ቅር የሚያሰኘኝ የእኛ የተመልካቾቹ ዝምታ ነው። የነገሥታትን ዜና መዋዕል ማን እንደጻፈ መጠየቅ የምንወድ ሰዎች፣ የዋካንዳን ጸሐፌ ትእዛዝ ስም ለማወቅ አልጓጓንም።

በዚያው በ2018 በስራት ደበበ ራሱ ባቋቋመው ኢታን ኮሚክስ አማካይነት «ጀምበር»ን አሳተመ። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ዙፋን የለውም፤ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። አንድ ቀን ፊልም ሠሪ ቢመጣ ኃይሉን በደስታ ይወስዳል። መጀመሪያ የሚቆርጠው ግን ያንን ሥራ ፍለጋ ይመስለኛል።