ባትሪና ድንጋይ፦ በተማሪዎች የሮቦት ውድድር ደንብ ላይ የቀረበ ሂስ

ለእጅ መብራት፣ ለሬዲዮና ለግድግዳ ሰዓት የሚገባውን ደረቅ ባትሪ ሕዝባችን «የባትሪ ድንጋይ» ብሎ ይጠራዋል። ስሙ ከየት እንደ መጣ ለቋንቋ መምህራን ጓደኞቻችን እንተወውና፣ እኛን የፊዚክስ መምህራንን የሚመለከተው ጉዳይ ሌላ ነው። አንድ ተማሪ ባትሪን እንደ ድንጋይ ቆጥሮ ለክብደት ብቻ ቢጭነው ቢያንስ ቋንቋው ይደግፈዋል። ይህንንም የምንለው ለቀልድ አይደለም፤ ነገሩ በዓይናችን ፊት የተፈጸመ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2021 በካርቱም በማስተማር ላይ ሳለን፣ የሐበሻና የሱዳን ልጆች በአንድነት የሚሳተፉበት አነስተኛ የሮቦት ውድድር ተዘጋጅቶ ነበር። ውድድሩ ቀላል ነው። ሁለት ሮቦቶች በእንጨት መድረክ ላይ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሌላውን ገፍቶ ከመስመር ያስወጣ ያሸንፋል። እኛም ከዳኞቹ መካከል ነበርን። ከቡድኖቹ አንደኛው የሳጃና ሠፈር ልጆች ቡድን ነበር። ሳጃናን የሚያውቅ ሁሉ ገበያውን ያውቃል፤ ብረቱ፣ ቧንቧው፣ ቀለሙ፣ ሚስማሩ፣ የቤት መሥሪያ ዕቃ ሁሉ የሚገኝበት ነው። ልጆቹ ሮቦታቸው ቀላል ሆኖ ጎማው በመድረኩ ላይ ስለ ተንሸራተተባቸው ጥቂት ኪሎ ብረት ሊገዙ ወደዚያው ገበያ ሄዱ። በዚያ ዓመት በሱዳን ዋጋ በየሳምንቱ ይለዋወጥ ስለ ነበር ብረቱ ከአቅማቸው በላይ ሆነባቸው። በመጨረሻ አንድ ባለ ሱቅ ከኮምፒውተር መብራት መጠበቂያ ውስጥ የወጡ ሁለት የሞቱ ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን እንዲያው ሰጣቸው። ሁለቱ ባንድ ላይ 5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናሉ። ልጆቹም በሮቦቱ አናት ላይ በብሎን አሰሯቸውና ደስ እያላቸው መጡ።

በዳኞች እጅ የነበረው የደንብ ወረቀት ከውጭ አገር ደንብ ተቀንሶ የተተረጎመ ነው። ከመስመሮቹ አንዱ «ተጨማሪ ባትሪ ክልክል ነው» ይላል። ከዚህ በላይ አንዳችም ቃል የለበትም። ቡድኑን ከውድድሩ አስወጣነው። የቡድኑ መሪ የነበረው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሁለቱን ባትሪዎች በእጁ እየነካካ፣ «ጋሼ፣ ሽቦ የለውም እኮ! ድንጋይ ነው ይበሉት» አለን። መልስ አልነበረንም። ደንብ ነው አልነው። አንድ መምህር ለተማሪው ሊሰጥ ከሚችላቸው መልሶች ሁሉ የመጨረሻው ደካማ ይህ እንደ ሆነ የምናውቀው እኛው ነን።

ከዚያ ወዲህ የደንቡን ምንጭ ፈልገን አነበብን። ዲን ኬመን እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረተው ፈርስት የተባለው ድርጅት ከ1992 ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሚያዘጋጀው ታላቅ ውድድር እያንዳንዱ ሮቦት አንድ የታሸገ ባለ 12 ቮልት የእርሳስና አሲድ ባትሪ ብቻ እንዲይዝ ታዟል። የባትሪው አቅም ከ17 እስከ 18.2 አምፔር ሰዓት ነው። ለካሜራና ለኮምፒውተር የሚሆኑ ትናንሽ ባትሪዎች ብቻ ከዚህ ውጭ ይፈቀዳሉ። ሮቦቱ ሲመዘን ዋናው ባትሪ ከሚዛኑ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2025 የክብደቱ ወሰን 115 ፓውንድ፣ ማለትም 52 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ከእነዚህ ቀጥሎ አንድ አጭር አንቀጽ ይመጣል። ይኸውም ባትሪ ማመጣጠኛ ክብደት አለመሆኑን፣ ኃይል ቢሰጥም ባይሰጥም ካልተፈቀደ በሮቦቱ ላይ ሊገኝ እንደማይገባው የሚደነግግ ነው። ምሳሌም ይጨምራል፤ ምክንያት ግን አይጨምርም።

የእኛ ሂስ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ደንቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ለተማሪ የተጻፈ ደንብ እንደ መንገድ ትራፊክ ሕግ ትእዛዝ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም። በዚህች አንዲት አንቀጽ ሥር የአሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስና ኬሚስትሪ ግማሹ ተደብቋልና እስቲ አውጥተን እንየው።

በመጀመሪያ ክብደት ለምን ይጨመራል? በአገር ቤት አህያ ሲጫን ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ባላገሩ በቀለለው ወገን ድንጋይ ይጨምራል። የሮቦቱም ማመጣጠኛ ክብደት አንደኛው ጥቅሙ ይኸው ነው። ሁለተኛው ጥቅሙ ሰበቃን መጨመር ነው። 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሮቦት የጎማውና የመድረኩ የሰበቃ ቁጥር 0.6 ቢሆን ሳይንሸራተት ሊገፋ የሚችለው እስከ 118 ኒውተን ያህል ነው። 5 ኪሎ ሲጨመርለት 147 ኒውተን ይሆናል። የሳጃና ልጆች ይህን በቀመር ባይሆንም በእጃቸው ደርሰውበት ነበር፤ ሊመሰገኑም ይገባ ነበር።

ይሁን እንጂ የተጨመረው ግፊት በነጻ አይገኝም። ሮቦቱ በሰከንድ 1 ሜትር እየተራመደ በ118 ኒውተን ሲገፋ የሚሠራው ኃይል 118 ዋት ነው። ሞተሩና ጥርሱ ከሚቀበሉት ግማሹን ብቻ ለሥራ ያውላሉ እንበል። ከ12 ቮልት ባትሪ የሚሳበው 20 አምፔር ገደማ ይሆናል። በ147 ኒውተን ግን 24.5 አምፔር ይደርሳል። ባለ 20 አምፔር ፊውዝ ለተገጠመለት ባትሪ የመጀመሪያው በወሰኑ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ከወሰኑ ያልፋል። ፊውዙ ወዲያው ባይቃጠል እንኳ ይግላል፣ የባትሪውም ቮልቴጅ ይወርዳል፣ መቆጣጠሪያውም በጨዋታው መካከል ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ክብደትና ባትሪ በደንቡ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ርእሶች ቢመስሉም በሮቦቱ ውስጥ አንድ ጉዳይ ናቸው። ይህን ያልተረዳ ተማሪ ብረት ይጨምራል፣ ሮቦቱ ሲጠፋ ባትሪውን ይረግማል።

ቦታውም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ልጆቹ ከታች ቦታ ስላጡ ባትሪዎቹን 40 ሣንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ነበር ያሰሯቸው። የሮቦቱ የክብደት ማእከል ቀድሞ በ15 ሣንቲ ሜትር ላይ ቢሆን አሁን ወደ 20 ከፍ ይላል። ጎማዎቹ ከመሐል በየወገኑ 20 ሣንቲ ሜትር ቢርቁ፣ ሮቦቱ የሚገለበጥበት አንግል ከ53 ዲግሪ ወደ 45 ዝቅ አለ ማለት ነው። ያንኑ 5 ኪሎ ከወለሉ 3 ሣንቲ ሜትር ላይ ቢያኖሩት ኖሮ ማእከሉ ወደ 12.6 ወርዶ አንግሉ 58 ያህል በሆነ ነበር። ይህ ስሌት አንድ ክፍለ ጊዜ አይፈጅም፤ ከማናቸውም የመማሪያ መጽሐፍ መልመጃ ይልቅ ግን ልጆቹ ያስታውሱታል።

እንግዲህ ልጁ ወዳነሣው ጥያቄ እንመለስ። ሽቦ የሌለው ባትሪ ድንጋይ አይደለምን? አይደለም። የሞተ የተባለ ባትሪ ብዙ ጊዜ ኃይሉን ጨርሶ አላጣም፤ ሥራ መሥራት አቃተው እንጂ። ጥቂት የቀረው ባትሪ የውስጥ ተቃውሞው 0.02 ኦም ቢሆንና ሁለቱ ጫፎቹ በወደቀ ብሎን ቢገናኙ ለቅጽበት እስከ 600 አምፔር ሊፈስ ይችላል። ብሎኑ ይቀላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። በግጭትም ሣጥኑ ቢሰነጠቅ የሰልፈር አሲድ ይወጣል። እነዚያ ሁለት ባትሪዎች ደግሞ በሮቦቱ አናት ላይ ማለትም በግጭቱ ልክ ነበሩ። ከዚህም ሌላ የፍትሕ ጥያቄ አለ። ከጨዋታው በፊት ያልተገናኘ ባትሪ በሁለት ሽቦ በአንድ ደቂቃ ይገናኛል፤ ዳኛ በየጨዋታው መካከል እየፈታ ሊያይ አይችልም። ለልጁ ልንነግረው ይገባን የነበረው ይህ ነበር። ይህን ሁሉ ሰምቶ ቢሸነፍ አምኖ በተሸነፈ።

በደንቡ ላይ ያለን ዋናው ቅሬታ ግን ከዚህ ይሰፋል። ያው ዲን ኬመን የጀመረው የዓለም አገሮች ውድድር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 በዋሺንግተን ሲካሄድ ከ150 በላይ አገሮች ቡድኖች ልከው ነበር፤ ሱዳንም አንዷ ነበረች። በዚያ ለሁሉም ቡድን አንድ ዓይነት የዕቃ ሣጥን ይላካል። ሁሉ አንድ ሣጥን በያዘበት ቦታ «ተጨማሪ ባትሪ ክልክል ነው» ማለት ማንንም አይጎዳም። ዕቃውን ሁሉ ከገበያ ለቃቅሞ ለሚሠራ ቡድን ግን ያው መስመር ሌላ ትርጉም ይይዛል። ከልካዩ መስመር ሲተረጎም የሚፈቅደው ተጓዳኙም አብሮ መተርጎም ነበረበት። ምን ዓይነት ክብደት ይፈቀዳል? በምን ይታሰር? የት ይቀመጥ? በእጃችን የነበረው ወረቀት ስለዚህ ዝም ብሏል። ጥፋቱ የትርጉሙ ነው፤ ያንን ወረቀት ሳንጠይቅ የተቀበልን እኛ ዳኞችም ከጥፋቱ ድርሻችንን እንወስዳለን።

ዝምታው ደግሞ አደገኛ ነው። ባትሪ ተከለከለ የተባለ ብልህ ልጅ ቀጥሎ የሚያስበው ምንድን ነው? በባትሪው ውስጥ ያለውን እርሳስ ማውጣት ነዋ! እርሳስ በአንድ ኪዩቢክ ሣንቲ ሜትር 11.3 ግራም ይመዝናል፤ ብረት ግን ከ7.9 አይበልጥም። በጠባብ ቦታ ብዙ ክብደት ለሚፈልግ እጅግ ያጓጓል፤ በከሰል ምድጃም ይቀልጣል። በዳካር አጠገብ በምትገኘው ቲያሮዬ ሱር ሜር በተባለች ሠፈር ሰዎች የአሮጌ ባትሪ እርሳስ በየደጃፉ ሲለቅሙና ሲያቀልጡ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ በነበሩት ጥቂት ወራት 18 ሕፃናት ሞተዋል። የፈርስት ደንብ ያልተሸፈነ እርሳስን ለይቶ ይከለክላል። ወደ እኛ ወረቀት ሲተላለፍ የተቆረጠው ግን ይኸው መስመር ነው! ተርጓሚው ገጽ ለመቆጠብ ብሎ ይሆናል።

አሁን በመምህራን ማሠልጠኛ ስናስተምር ለእጩ መምህራን የምንሰጠው የደንብ ወረቀት ከቀድሞው በግማሽ ገጽ ይረዝማል። ባትሪ አንድ ብቻ ይሁን፤ ምክንያቱም በሥሩ ይጻፍ። ማመጣጠኛ ክብደት ብረት፣ በጣሳ የታሸገ ሚስማር ወይም በጠንካራ ከረጢት የተሰፋ አሸዋ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ከሮቦቱ ጋር ይመዘን፣ ከጎማው ዘንግ በታች በብሎን ይታሰር። እርሳስ በማናቸውም መልክ አይግባ። አንድ እጩ መምህር አሸዋ በመድረክ ላይ ቢፈስ ሁሉንም ሮቦት ያንሸራትታል ሲል ተቃውሞናል፤ ትክክል ነው፣ እኛም ከረጢቱ በእጥፍ ይሰፋ የሚል ጨምረናል።

ሳጃና እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 በካርቱም ከተቀሰቀሰው ጦርነት በኋላ የነበረችውን አይደለችም፤ ከዚያ ቡድን ልጆችም አብዛኞቹ ተበትነዋል። በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ልጆቹ ወደ ገበያው ተመልሰው ነበር። ያው ባለ ሱቅ በዱቤ አንድ ትልቅ ጣሳ የጎበጠ ሚስማር ሰጣቸው፤ አብሮን ቆሞ የነበረውን ልጅ ሲያቀብል ወደ እኛ ዞሮ፣ «ያ ኡስታዝ፣ ይኼስ ይፈቀዳል?» ብሎ ጠየቀን። የደንቡን ወረቀት ከኪሳችን አውጥተን አገላበጥን። ስለ ሚስማር የሚል ነገር አልነበረበትም።