የእንግሊዝኛ ፍርሃትን ከልጆች ጋር ማጥናት

የእንግሊዝኛ ድክመት ሌላ፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የሚይዝ ፍርሃት ሌላ ነው። ቃሉን የማያውቅ ልጅ ሲጠየቅ ዝም ይላል። ቤቱ አጥንቶ መጥቶ ስሙ ሲጠራ አንደበቱ የሚታሰረውም ዝም ይላል። ጥናቱ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው፤ በውጤት መዝገብ ላይ ግን ሁለቱም እኩል ዝቅተኛ ነጥብ ይዘው ይገኛሉ። በደሴና በኮምቦልቻ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይህን ለመለየት የሚነሣ ሰው፣ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪም ይሁን እዚያው የሚያስተምር መምህር፣ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው መጠይቅ በማባዛት ነው። ቢቀድም የሚሻለው ግን ከኋላ ዴስክ ተቀምጦ ማየት ነው።

መጠይቁ በአብዛኛው ከአንድ ምንጭ ይቀዳል። ኢሌን ሆርዊትዝ፣ ማይክል ሆርዊትዝና ጆአን ኮፕ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጡት፣ 33 ዐረፍተ ነገሮች ያሉት መለኪያ ነው። ሦስት ነገሮችን ያያል፦ የመናገር ስጋትን፣ የፈተና ፍርሃትን፣ በሰው ዘንድ ዝቅ ተደርጎ የመታየት ስጋትን። መለኪያው የተሠራው አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ስፓኒሽ ለሚጀምሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበር። ስለዚህ ቋንቋው አፍ መፍቻቸው ከሆነ ሰዎች ጋር ሲነጋገሩ የሚሰማን ስሜት ይጠይቃል። ኮምቦልቻ ላይ ልጆች የሚያዩት ፈረንጅ ካለ የፋብሪካ ባለሙያ ነው፤ ቀደም ሲልም የባቡር ሐዲድ ሊሠሩ የመጡ ቱርኮች ነበሩ፤ ለነዚህ ሁሉ እንግሊዝኛ የተማሩት ቋንቋ ነው። ይህ ጥያቄ ይውጣ።

የሚከብደው ሌላው ነው። ከ33ቱ 9ኙ በተቃራኒ የሚቆጠሩ ናቸው። «በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አልጨነቅም» የሚል ዓይነት ዐረፍተ ነገር ይቀርባል፤ የሚጨነቅ የአራተኛ ክፍል ልጅ «አልስማማም» የሚለው ላይ ምልክት እንዲያደርግ ይጠበቃል። አብዛኞቹ ይህን ድርብ አሉታ ገልብጠው ይረዱታል። ወረቀቱ ራሱ ደግሞ ፈተና ይመስላቸዋል። አንዱ «መልሱ የቱ ነው?» ብሎ በሹክሹክታ ይጠይቃል፤ አንዷ በክንዷ ጋርዳ ትሞላለች፤ በአንድ ዴስክ የተቀመጡ ሦስት ልጆች አንድ ዓይነት መልስ ይዘው ይነሣሉ። ትልቅ ሰው ባቀረበው ነገር «አልስማማም» ማለት ነውር ሆኖ የሚታያቸውም አሉ፤ ከላይ እስከ ታች «እስማማለሁ» ይሞላሉ። በተቃራኒ የሚቆጠሩትን ያወጣ አጥኚ እነዚህን መልሶች ሲያስላ የመልሶቹን ወጥነት የሚለካው የክሮንባክ አልፋ ከ0.70 በላይ ይወጣና ደስ ይለዋል፤ ቁጥሩ ያማረው ግን ልጆቹ አንዱን ዓምድ ተከትለው ስለወረዱ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጥያቄዎቹ ከአሥር አይብለጡ፣ ሁሉም በቀና አነጋገር ይጻፉ፣ በቁጥር ፈንታ የሚስቅና የሚያለቅስ ፊት ይሣል። የሚያነብላቸውም መምህራቸው ባይሆን ይመረጣል። የመጠይቁ ሙከራ ጥናቱ በማይካሄድበት ትምህርት ቤት ይደረግ።

ምልከታው ትዕግሥት ይጠይቃል። አጥኚው የትብብር ደብዳቤውን ከከተማው ትምህርት መምሪያ አምጥቶ፣ በርዕሰ መምህሩ ታጅቦ ሲገባ፣ ልጆቹ ብድግ ብለው «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» ይላሉ። መምህሩ የመጣው ሱፐርቫይዘር ይመስለውና ጎበዞቹን ብቻ እየመረጠ ይጠይቃል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ማስታወሻ ከትንተናው ውጪ ቢቀር አይጎዳም። ክፍሉ እንግዳውን ሲለምደው እውነተኛው ነገር ይታያል። «ሪፒት አፍተር ሚ» ሲባል ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ ይመልሳል፤ እዚያ ውስጥ ፈሪ የለም፣ አዋቂም አይለይም። «ተነሺና አንብቢ» ሲባል ግን መጽሐፉ ፊቷን እስኪከልል ከፍ ይላል፣ ድምፅዋ ይሰልላል፣ አጠገቧ ያለው ልጅ ቃሉን ይነግራታል፣ ከኋላ ሳቅ ይሰማል። መመዝገብ ያለበት መጀመሪያ የመጣው ነው፦ ሳቁ ወይስ ስሕተቱ? ብዙ ጊዜ ልጅቷ ገና አፏን ሳትከፍት ዘወር ብላ የምታየው ጓደኞቿን ነው፣ መምህሩን አይደለም።

ደሴና ኮምቦልቻ ባሉበት በወሎ ይህን ፍርሃት ለማነጻጸር ጥሩ ዕድል አለ። ብዙ ልጆች እንግሊዝኛ ከመጀመራቸው በፊት በቁርአን ቤት ዐረብኛ፣ በቄስ ትምህርት ቤት ግዕዝ ጮክ ብለው አንብበዋል። የማይናገሩትን ቋንቋ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ አዲስ አይሆንባቸውም። በዚያ ግን ሁሉም የየራሱን በአንድ ጊዜ ስለሚጮኽ የአንዱን ስሕተት የሚሰማው መምህሩ ብቻ ነው። በመደበኛው ትምህርት ቤት ክፍሉ ጸጥ ብሎ አንዱን ልጅ ያዳምጣል። ፍርሃቱ ከእንግሊዝኛነቱ ይልቅ ከዚህ ጸጥታ የሚመጣ ከሆነ መጠይቅ ብቻውን አያሳየውም፤ ልጁን በሁለቱም ቦታ ማየት ግን ያሳያል።

ቢያንስ በአማርኛ ክፍለ ጊዜም ያው ልጅ ይታይ። ሁለቱ ከተሞች ከጥቅምት 2014 ማብቂያ እስከ ኅዳር 2014 ማብቂያ በጦርነት ውስጥ አልፈዋል፤ በር ሲጋጭ የሚደነግጥ ልጅ እንግሊዝኛ አስፈርቶት ላይሆን ይችላል። በየክፍለ ጊዜው የሚደነግጠውንና በእንግሊዝኛ ብቻ የሚደነግጠውን ያልለየ ጥናት በርዕሱ የጠራውን ነገር አልለካም። ፍርሃቱ ከሌሎችም ሊመጣ ይችላል። አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት በሚያስተምርባቸው የታችኞቹ ክፍሎች የመምህሩም ፍርሃት ይታያል፦ የአንድ ቃል አነባበብ ሲያጠራጥረው ያንን ገጽ ልጆቹን ያስነብባል። ቤት ያሉት ታላላቆች ዘጠነኛ ክፍል ገብተው አብዛኛውን ትምህርት በእንግሊዝኛ ሲማሩ ሲያማርሩ የሚሰማ ልጅም ፍርሃቱን ከቤት ይዞ ይመጣል።

ቃለ መጠይቁ በመጨረሻ ይሁን፣ ከልጁም ከወላጁም ፈቃድ ተጠይቆ። «ትፈራለህ ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ፣ በተለይ ወንድ ከሆነ፣ «አልፈራም» ይላል። «ክፍላችሁ ውስጥ ሲያነብ የሚፈራ ልጅ አለ? ምን ይሆናል?» ሲባል ግን ስለ ሌላው እያወራ የራሱን ያወጣል። ሪፖርቱ ለትምህርት ቤቱ ሲመለስ የልጆች ስምና ነጥብ ከውስጡ መሰረዝ አለበት፤ ዝርዝሩ እጁ የገባ መምህር ፈሪዎቹን ለይቶ «እስቲ አንተ ተነሣ» ማለት ሊጀምር ይችላል።